እታለም ፈተና የወደቀችበት ዓመት

ስምንት ዓመቴ እያለ ከሰው ሁሉ አብልጬ የማዝነው ለእታለም ነበር። የመንጃ ፈቃድ ፈተና አራት ጊዜ ተፈትና አራቱንም ጊዜ ወድቃለች። እኔ ሒሳብ አንድ ጊዜ ወድቄ ሦስት ቀን አልቅሻለሁና አራት ጊዜ መውደቅ ምን እንደሚመስል ሳስበው ሆዴ ይባባ ነበር።

አስተማሪዋ አባቴ ነው። የአባቴ ሥራ ሰው መኪና መንዳት ማስተማር ነበር፤ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተተከለባት፣ በእሱ መቀመጫ በኩል ሁለተኛ ፍሬንና ሁለተኛ ፍሪሲዮን የተገጠመላት ትንሽ ነጭ መኪና ነበረችው። ተማሪዎቹ «ጋሼ» ይሉታል። አንድ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ኩርባ በደረሱ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጆሮው ላይ ዱቄት የማይጠፋ ዳቦ ጋጋሪም ነበር፤ እሱ ደግሞ መሪውን እንደ ሊጥ ያሸዋል። ሁለቱም በመጀመሪያ ፈተናቸው አለፉ። እታለም ብቻ ቀረች።

እታለም የእናቴ ጓደኛ ናት። ጓደኛ ስል ግን ቃሉ ያንስባታል። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አንድ የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተማሩ፤ ከዚያ ወዲህ ተለያይተው አያውቁም። ዋናው መንገድ ዳር ያለው ሱቃቸው በር ላይ «እህትማማቾቹ ልብስ ስፌት» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ትቆርጣለች፣ እታለም ትሰፋለች። እናቴ አጭርና ድቡልቡል፣ እታለም ረጅምና ቀጭን ስለሆኑ ደንበኞች «አንዷ ጥቅል ክር፣ አንዷ መርፌ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እታለም አንድ ጊዜ አግብታ በዓመቱ ፈታለች፤ ልጅ የላትም። ከሱቁ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ብቻዋን ትኖራለች፤ ምሳዋን ግን ሁልጊዜ እኛ ቤት ነው የምትበላው። «እታለም» ያለቻት እናቴ ናት፤ እኔና አባቴም ተከትለን እታለም አልናት። ሌላ ስም ይኑራት አይኑራት አስቤው አላውቅም።

መንዳት ትማር ያለችውም እናቴ ናት። ሱቁ የትምህርት ቤቶችን ትልልቅ ትእዛዝ መቀበል ጀምሮ ስለነበር የተሰፋውን ልብስ የሚያደርስ መኪና ያስፈልግ ነበር። እናቴ ደግሞ መሪ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። «አንቺ ቁመት አለሽ፣ መንገዱን አሻግረሽ ታያለሽ» እያለች እታለምን ወተወተቻት። አባቴንም እስክትችል ድረስ አስተምራት አለችው።

እስክትችል ድረስ። እናቴ ይቺን ቃል በኋላ ስንት ጊዜ ለራሷ እንደደገመቻት አላውቅም።

በዚያ ዓመት እኔ የምማረው እስከ ቀትር ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሱቁ ውስጥ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ አሳልፈው ነበር። እታለም ሦስተኛውን ፈተና የወደቀች ሰሞን ግን እናቴ በድንገት ከዛሬ ጀምሮ ከአባትሽ ጋር ትሄጃለሽ አለችኝ፤ እዚህ መርፌ እግርሽ ውስጥ ይገባል። አባቴ መኪና ውስጥ ልጅ ምን ትሠራለች ብሎ ጠየቃት።

«ትቀመጣለች» አለችው።

እኔ ሹመት ነበር የመሰለኝ። የኋላው ወንበር መሃል ላይ ተቀምጬ፣ በፊተኞቹ ወንበሮች መካከል አንገቴን አስግጌ፣ የአባቴን ቀኝ እግር ማየት እወድ ነበር። ተማሪ ሲነዳ ያ እግር ፍሬኑ ላይ አይጥ እንደምትጠብቅ ድመት ያደባል። ዳቦ ጋጋሪው መሪ ይዞ እያለ አንድ ጊዜ እንኳ መሬት ሲነካ አላየሁትም። እታለም ስትነዳ ግን አባቴ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም የጫማውን ክር ፈታ ያደርጋል። ተስፋ ቆርጦባታል ማለት ነው ብዬ አዘንኩላት። መኪናዋ እንደማትንገጫገጭ፣ ማርሹ እንደማይጮህ፣ ዳገቱ ላይ ቆማ ስትነሳ ወደኋላ አንዲት ስንዝር እንደማትንሸራተት እያየሁ አላየሁም። ዛሬ ራሴ ስነዳ የሚገባኝ ነገር ያኔ አልገባኝም፤ እታለም መንዳት ከቻለች ወራት አልፈዋል።

ሌላም ግራ ያጋባኝ ነገር ነበር። አባቴ ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር ያወራል፣ ይቀልዳል፤ ፖስተኛውን «አባባ፣ ኩርባውም እርስዎን ማየት ይፈልጋል፣ ዓይንዎን ይግለጡለት» ይላቸዋል። ከእታለም ጋር ግን ዝም ነው። እሷም ዝም። ምሳ ላይ እናቴ ፊት ደግሞ ጭራሽ አይተያዩም፤ ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በእኔ እጅ ነው። ስለዚህ የተጣሉ መሰለኝ። እንዲያውም አባቴ እታለምን እንደሚጠላት እርግጠኛ ነበርኩ። እናቴ ስለምትወዳት ብቻ ታግሦ እንደሚያስተምራት አሰብኩና በአባቴ ታጋሽነት ኮራሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የተዘጋ የሸክላ ፋብሪካ አለ። ግቢው ሰፊና ባዶ ስለሆነ አባቴ ባዶ በርሜሎች ደርድሮ ተማሪዎቹን መኪና ማቆም የሚያለማምድበት እዚያ ነው። እታለም በርሜሎቹ መካከል አንድ ሁለቴ ገባ ወጣ ትልና ሞተሩን ታጠፋለች። ከዚያ አባቴ እስቲ ውጪ ተጫወቺ ይለኛል፤ እታለም የመንገድ ምልክት የምታጠናበት ሰዓት ነው። እኔም ወርጄ በስብርባሪ ሸክላ ቤት እሠራለሁ። ቤቴን እየሠራሁ ቀና ስል በፊተኛው መስታወት በኩል ሁለቱን አያቸዋለሁ። አባቴ ወደ መሪው እያየ አንድ ነገር ይናገራል። እታለም በእጅጌዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። አንድ ቀን እጁ ማርሹ ላይ፣ እጇ ደግሞ በእጁ ላይ ሆኖ አየሁ። ማርሽ እያስለወጣት ነው አልኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ መለዋወጥ ምን ይጠቅማል ብዬ ግን ገርሞኛል።

የመንገድ ምልክት ይህን ያህል የሚያስለቅስ ከሆነ መቼም መንዳት አልማርም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አራተኛው ፈተና ቀን እኔና አባቴ መንገድ ማዶ ቆመን አየናት። ፈታኙ ጎኗ ተቀምጧል። ዳገቱን እንደ ውሃ ወጣችው። ወደኋላ ስትመለስ መኪናዋ በክር የተጎተተች ትመስል ነበር። ላጨበጭብ እጄን አነሳሁ። መጨረሻ ላይ፣ ማቆም ብቻ ሲቀራት፣ በጣም ቀስ ብላ ሄዳ በርሜሉን ገጨችው። በርሜሉ አልወደቀም፤ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ዝም አለ። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። እታለም ስትወርድ ፊቷ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር አየሁና ድንጋጤ ነው አልኩ።

ቤት ስንደርስ አባቴ ለእናቴ ዳገቱ ላይ ሞተር አጥፍታ ወደቀች አላት።

«በርሜሉን ነው የመታችው አባዬ» አልኩት። «ዳገቱንማ እንዴት እንደወጣችው!»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ አባቴን አየችው። ምግቡ በረደ፣ እያወራችሁ ብሉ አለችን።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት የመኪናው መስታወት ለሙቀቱ ሲባል ዝቅ ብሎ ስለነበር ሸክላ ቤቴ ጋ ሆኜ ወሬያቸው ይሰማኝ ነበር። እታለም እያለቀሰች ነው።

«ይቺን ልጅ ከኋላዬ እያየሁ አልችልም» ትላለች። «ፈተናውን ልለፍና ይብቃን።»

 አባቴ አንዲት የማላውቃትን ሴት በስሟ ጠርቶ፣ «እባክሽ» አለ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እታለም የምትወድቀው በእኔ ምክንያት ነው። ከኋላ አንገቴን አስግጌ ስለማያት ትረበሻለች። አራተኛ ጊዜ መውደቋ፣ ማልቀሷ፣ የአባቴ ቁጣ፣ ሁሉም በእኔ ነው። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሱቁ ሄድኩ። እታለም ክር ልትገዛ ወጥታለች። እናቴ ለአንድ ትምህርት ቤት የተያዘ ስልሳ የደንብ ልብስ እየቆረጠች ነበር፤ ሰማያዊው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተነጥፎ በነጭ ጠመኔ ተሰምሮበታል። መቀሱ ጨርቁን ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይለኝ ስለነበር ትንሽ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ከእንግዲህ መኪናው ውስጥ አልሄድም አልኳት።

ለምን ብላ ጠየቀችኝ፣ ቀና ሳትል።

እኔም ዘረገፍኩት። እታለም እኔን እያየች መንዳት አልችልም እንዳለች፣ አባዬ እንደሚያስለቅሳት፣ ለእሷ ሲሆን ብቻ ክፉ እንደሚሆን፣ አንቺ ከነገርሽው ግን ይተዋል ብዬ ለመንኳት። እናቴ ድምፅዋን ሳታነሳ ትጠይቀኛለች። የት ነው የምትቆሙት? አንቺስ ያኔ የት ነሽ? መስታወቱ ክፍት ነው? እኔ ሁሉንም መለስኩ። ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ተጠይቄ ሁሉንም መልሼ አላውቅም።

«ደግሞ ስለ ሌላ ሴትም ያወራሉ» አልኳት። የሰማሁትን ስም ነገርኳት።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እኛ ቤት ማንም ጠርቶት የማያውቅ የእታለም ስም ነበር።

መቀሱ አልቆመም። የጠመኔው መስመር አለቀ፣ መቀሱ ግን ቀጥሎ የጀርባውን ጨርቅ ለሁለት ከፈለው፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ሲደርስ ነው ያቆመው። እናቴ በሥራዋ ስትሳሳት ሳያት ያ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ወዲያው እታለም ክሩን ይዛ ገባች። እናቴ ክሩን ተቀብላ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችውና ቀለሙ ከጨርቁ ጋር አይሄድም አለች።

ነገሩ ከገባኝ ወዲህ፣ ያን ዕለት ትልቅ ምስጢር ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ያረመችኝ እናቴ ራሷ ናት፤ እሱም ባለፈው ዓመት። እግርሽ ውስጥ ይገባል ያልኩሽ መርፌ ሰበብ ነበር አለችኝ። እታለም ሦስት ጊዜ ስትወድቅ ጠርጥራለች። ጠይቃ የምትሰማውን ፈራች። ልጅ የተቀመጠችበት መኪና ውስጥ ያፍራሉ ብላ አሰበችና እኔን አስቀመጠችኝ። ይህን ስሰማ ሸክሜ ሊቀልልኝ ይገባ ነበር። ግን አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በር ላይ እንደ ቁልፍ ስትንጠለጠል ታየችኝና ማንን መቆጣት እንዳለብኝ ጠፋኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ሱቁን በጊዜ ዘግታ መጥታ እኔም መንዳት ልማር አለች። አባቴ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን መሪው ጋ ሄዳ ተቀመጠች፤ እግሯ ፍሬኑ ድረስ ስለማይደርስ ትራስ ከጀርባዋ ደገፈች። እኔ ከኋላ ነኝ። ከቤታችን እስከ ሸክላ ፋብሪካው በአንደኛ ማርሽ ብቻ ነው የሄድነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ከኋላችን ያሉ መኪናዎች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ የአባቴ እግር ፍሬኑ ላይ ነው። ቀኝ ታጠፊ ሲላት ትታጠፋለች፤ ፋብሪካው ጋ ስንደርስ ግን ማንም ሳይነግራት ታጠፈች።

በርሜሎቹ ፊት አቆመችና «እዚህ ነው?» አለችው።

አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጪ አየ።

እሱ ያልመለሰውን ጥያቄ እኔ ስለማውቀው ደስ አለኝ። «አዎ እማዬ፣ እዚህ ነው። እኔ እዛ ሸክላው ጋ ነው የምጫወተው።»

እናቴ ወደ ሸክላ ቤቴ አየች። ከፍሪሲዮኑ ላይ እግሯን ሳታስበው ስታነሳ መኪናዋ ዘለለችና ሞተሩ ጠፋ። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ለአባቴ እንዲህ አለችው፦

«ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ሮጬ ሄጄ የማለቅሰው እሷ ጋ ነበር። አሁን እኔ ለማን ሄጄ ልንገር?»

አባቴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ደግሞ እናቴ መንዳት እንዳቃታት የምትነግረው ሰው ያጣች መሰለኝና ከኋላ ሆኜ ትከሻዋን መታ መታ አደረግኩላት። ለእኔ ንገሪኝ አልኳት። ቦታ ተቀያይረው አባቴ ወደ ቤት ነዳ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥራ አንድ ቀናት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ግራ የሚያጋቡ ነበሩ። ሰው የታመመ ይመስል ቤቱ በሹክሹክታ ሆነ፤ የታመመው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። አባቴ ከሥራ ሲመለስ መኪናዋን ግቢ አቁሞ ውስጧ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ አንዱን ገጽ ለረጅም ጊዜ። እታለም ለምሳ መምጣት ተወች። ሱቁ ግን አልተዘጋም። እናቴ ትቆርጣለች፣ የቆረጠችውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ታስቀምጣለች፤ እታለም መጥታ ታነሳለች፣ ትሰፋለች። አይነጋገሩም። እየተጣሉ ይህን ያህል አብሮ መሥራት እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም፤ የእኔና የክፍል ጓደኞቼ ጥል ቢያንስ እርሳስ መወራወር አለው። አሁን እናቴን ስጠይቃት መልሷ አጭር ነው። ስልሳ ልጆች ልብስ እየጠበቁ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እታለም ብቻዋን ሄዳ አምስተኛውን ፈተና ተፈተነች። አባቴ እንደምትፈተን እንኳ አያውቅም ነበር። አለፈች።

መንጃ ፈቃዷን ይዛ ሱቁ ስትገባ እኔ እዚያ ነበርኩ። ዘልዬ አጨበጨብኩ። ከእኔ በቀር ያጨበጨበ አልነበረም። የመጨረሻው ልብስ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ስልሳውም ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። እናቴ እጇን ዘረጋች። እታለም መንጃ ፈቃዱን ሰጠቻት። እናቴ ፎቶውን አየች፣ ስሙንም ቀስ ብላ አነበበችው፤ ከእኔ አፍ የሰማችውን ያንኑ ስም። እኔ ያን ጊዜ ነው የእታለም ስም መሆኑን ያወቅሁት። ታዲያ አባዬ ለምን እሷን ራሷን ስለ እሷ ይለምናታል ብዬ ይበልጥ ተምታታብኝ።

«ዳገቱንስ?» አለቻት እናቴ።

«ወጣሁት።»

«በርሜሉን?»

«አልነካሁትም።»

እናቴ መንጃ ፈቃዱን መለሰችላት። «እንግዲህ ነድተሽ ሂጂ» አለቻት።

«እህቴ…»

«እህትሽ አይደለሁም። ያሳሳተሽ በሩ ላይ የተጻፈው ነው።»

 እታለም የጣት መከላከያዋን፣ ትንሿን መቀስና ሜትሯን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማሽኑን ተወችው። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ጭንቅላቴን ስትስመኝ የማሽን ዘይት ሸተተችኝ። ፊቷን አየሁና ደስ ላሰኛት ፈለግሁ።

«አየሽ?» አልኳት። «እኔ ስቀር አለፍሽ።»

እታለም የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን የታጠፉትን ልብሶች እንደገና መቁጠር ጀመረች፤ ስልሳ መሆናቸውን እያወቀች። ምን ክፉ ቃል እንደተናገርኩ ለማወቅ ከአንዷ ወደ አንዷ ብመለከትም የነገረኝ የለም። ቀና ስል እታለም ሄዳለች።

አባቴና እናቴ አልተፋቱም። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት አብረው ኖሩ። ስለዚያ ትዳር ሰው ቢጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። አይጣሉም። አባቴ እናቴ ስትታመም ሳምንት ሙሉ ከአጠገቧ አይነሳም፤ እሷም ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቀን በገዛ እጇ ትቆርጥለት ነበር። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ብቻቸውን ስታገኛቸው እንግዳ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ደንበኞች እህትሽስ የት ሄደች ሲሏት እናቴ መንዳት ለምዳ ሄደች ትላለች። እኔም ለብዙ ዓመት መንዳት የሚለምድ ሰው ሁሉ ይሄዳል ብዬ አምን ነበር።

ነገሩ የገባኝ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አባቴ መንዳት ሲያስተምረኝ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እጄ ማርሹ ላይ ነበር። አባቴ ሊያርመኝ እጁን ዘርግቶ፣ ልክ እንደተቃጠለ ሰው መልሶ ሰበሰበው። ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ሸክላው፣ መስታወቱ፣ የእጅጌው እንባ፣ ያ ስም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ትምህርቱን ጨርሰን ቤት ገባን። አልጠየቅኩትም።

የጠየቅኩት ራሴን ነው። ቤታችንን ያቀዘቀዘች የእኔ ምላስ መሰለችኝና ከዚያ ወዲህ አፌ ተዘጋ። ባለቤቴ ከአንቺ ጋር ማውራት ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እንደመቅዳት ነው ይለኛል። ሥራዬም እንደ ጠባዬ ሆነ፤ የሕሙማን መዝገብ የሚቀመጥበት ክፍል ነው የምሠራው፤ የሰው ምስጢር በመደርደሪያ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ መዝገብ ሳነሳ ያንን ስም አየሁት። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። መዝገቡን ይዤ ወደ መጠበቂያው ወጣሁ። እታለም ጥግ ያለው ወንበር ላይ፣ ረጅም እግሯን ዘርግታ፣ ጉልበቷን እያሸች ተቀምጣለች። ማን መሆኔን ስነግራት አልገረማትም፤ ፊቴ የእናቴ ነው አለችኝ።

ከሱቁ ከወጣች ወዲህ መርፌ ይዛ እንደማታውቅ ነገረችኝ። በሌላ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ሚኒባስ ነድታለች፤ ልጆቹ «እሜቴ ሾፌሯ» ይሏት ነበር። ስለ ፈተናው ስጠይቃት ሳቀች። አራቱንም ሆን ብላ ነው የወደቀችው፤ ካለፈች መኪናው ውስጥ የምትቀመጥበት ምክንያት ያበቃል። «በርሜል ሳይወድቅ መግጨት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አታውቂም» አለችኝ። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

እኔ ለእናቴ ባልነግራት ኖሮ ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ።

«ባትነግሪያት ኖሮ እኔ ራሴ እነግራት ነበር» አለች እታለም። ነርሷ የሌላ ሰው ስም ጠራች፣ ሰውየው ተነስቶ ገባ። «ውሸቴን ነው» አለችኝ ያኔ። «አልነግራትም ነበር። አባትሽ ቀርቶብኝም እኖር ነበር፤ ኖሬያለሁም። እኔ ሁለቱንም ይዤ መኖር ነበር የፈለግሁት። በተለይ እሷን።»

እናቴ ስለ እሷ ትጠይቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። እናቴ ጠይቃ አታውቅም።

ማታ ለእናቴ እታለምን እንዳገኘኋት ነገርኳት። ስለ መርፌው ሰበብ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው፤ ይቅር በይኝም አለችኝ፤ ይቅር ብያለሁ አልኩ፣ እንደ ልማድ። ከዚያ አረጀች ወይ አለችኝ። አርጅታለች አልኳት። ከማን ጋር እንደምትኖር ጠየቀችኝ። ብቻዋን። ስልክ ቁጥር አላት ወይ አለችኝ በመጨረሻ፤ ከመዝገቡ ላይ ገልብጬ ነበርና ሰጠኋት። ወረቀቱን አጥፋ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ አደረገችው፤ ከዚያም አራት ወር ሙሉ ስሟን አላነሳችም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ልጠይቃት ስሄድ መኝታ ቤቷ በር ገርበብ ብሏል፤ በስልክ ታወራለች። ስለ ጉልበት ይወራል፣ ስለ ደም ግፊት፣ አሁን የሚሸጠው ጨርቅ አንዴ ሲታጠብ እንዴት እንደሚሟሽሽ። አንዴ ሳቀች። ሳሎን ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

ምን ተባባላችሁ አልኳት።

«ከአባትሽ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ስንኖር አንድም ቀን ስለ እሷ አላወራንም» አለችኝ። «ከእሷ ጋር ደግሞ ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ስናወራ፣ እሱን አላነሳንም።»

ይህን ስትል አዝና ይሁን ደስ ብሏት ለማወቅ ፊቷን አየሁት። አርባ ዓመቴ ነው፣ ፊቷን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ግን መለየት አቃተኝ።